የዕለት ወጪን በብድር ካርድ ስለ መክፈል

ሰው ሁሉ በዚህ ዓለም ሲኖር ቤት ያሻዋል፤ በቤቱም ውኃ፥ መብራት፥ እሳትና እንጀራ ያሻዋል። ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አይገኝምና በየወሩ ሒሳቡ ይመጣል። የመጣውን ሒሳብ መክፈልም የእውነተኛ ሰው ግዴታ እንደ ሆነ የሚክድ የለም። ነገር ግን በዘመናችን፥ ይልቁንም ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካ አገር፥ ሰው ሒሳቡን በሁለት መንገድ ይከፍላል፤ ወይም በእጁ ባለው ገንዘብ፥ ወይም ክሬዲት ካርድ በሚባለው፥ ከመዳፍ በማይበልጥ ካርድ ይከፍላል። የመብራቱ ኩባንያ ከሁለቱም ገንዘቡን ይቀበላል፤ በሁለቱም ቤት መብራቱ ይበራል። ከውጭ ለሚያይ ሰው በመካከላቸው ልዩነት የለም። በውስጥ ግን ልዩነቱ ታላቅ ነው። አንደኛው ዕዳውን ጨርሶ ተኝቷል፤ ሁለተኛው ግን የዕዳውን ጌታ ለውጦ ተኝቷል። ትናንት የመብራት ኩባንያ ባለዕዳ ነበረ፥ ዛሬ የባንክ ባለዕዳ ሆነ።

እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ የበላነውን እንጀራና ያበራነውን መብራት በብድር መክፈል ሕሊናውን ለሚጠብቅ ሰው ይገባዋልን? «ምን ክፋት አለው፥ ሰው ሁሉ ያደርገዋል» የሚል ብዙ ነው፤ «ፈጽሞ ኃጢአት ነው» ብሎ የሚቈጣም አይጠፋም። ሁለቱም ነገሩን ሳይመረምሩ ይፈርዳሉ። አንተ ግን ከመፍረድህ በፊት አስቀድመህ የነገሩን ሥር እወቅ።

ይህ ካርድ ከጥንት የነበረ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. ዳይነርስ ክለብ የሚባለው ማኅበር በኒውዮርክ ከተማ ሰዎች በምግብ ቤት በልተው ኋላ የሚከፍሉበትን ካርድ አወጣ፤ በዚያ ካርድ የበላ ሰው ግን ሒሳቡ ሲመጣለት ሁሉን በአንድ ጊዜ መክፈል ነበረበት። በ1958 ዓ.ም. ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ባለችው በፍሬዝኖ ከተማ 60,000 ያህል ካርዶችን ሳይጠየቅ ለነዋሪዎች በፖስታ ላከ። በ1976 ዓ.ም. ቪዛ የሚል ስም የተሰጠው ካርድ ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ካርድ የተበደረ ሰው ከዕዳው ጥቂት ብቻ ከፍሎ የቀረውን ከወለድ ጋራ ለሚመጣው ወር ማሳደር ተፈቀደለት። ያልጠየቀውን ካርድ ለሰው መላክ በ1970 ዓ.ም. በሕግ ተከለከለ፤ ዕዳን ማሳደር ግን ሳይከለከል ቀረ፥ እየበዛም ሄደ። በ2023 ዓ.ም. የአሜሪካ ሕዝብ የካርድ ዕዳ ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ ይኸውም አንድ ሺሕ ጊዜ አንድ ቢሊዮን ማለት ነው።

አሁን ደግሞ አሠራሩን አስተውል። ሒሳቡ ከወጣ በኋላ ባንኩ ጥቂት ቀን ይሰጣል፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ሒሳቡ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን አስቀድሞ እንዲላክ ያዝዛል። በዚያ ቀን ሁሉን የከፈለ ሰው ወለድ አይከፍልም። ከሒሳቡ ጥቂት እንኳ ያሳደረ ሰው ግን በአብዛኛው ካርድ ሁለት ነገር ያገኘዋል። መጀመሪያ፥ ባሳደረው ላይ ወለድ ይቈጠርበታል። ሁለተኛ፥ ከዚያ በኋላ በሚገዛው አዲስ ነገር ላይ የነበረው የምሕረት ቀን ይቀርበታል፤ ዛሬ የገዛው ዳቦ ከዛሬ ጀምሮ ወለድ ይወልዳል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያውቃል፥ ሁለተኛውን ግን አያውቅም።

የወለዱም መጠን ቀላል አይደለም። በ2023ና በ2024 ዓ.ም. በአሜሪካ የካርድ ወለድ በአማካይ በዓመት ከመቶ ከ20 በላይ ነበረ። በቍጥር እንየው። አንድ ሰው 3,000 ዶላር ዕዳ ቢኖርበትና ወለዱ በወር ከመቶ 2 ቢሆን፥ ባንኩም ከዋናው ዕዳ ከመቶ 1 እና የወሩን ወለድ ብቻ እንዲከፍል ቢፈቅድለት፥ የመጀመሪያው ወር ክፍያ 90 ዶላር ይሆናል፤ ከዚህም 60 ዶላሩ ለወለድ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያሳልፍ እንዲህ ቢከፍል ከኪሱ 1,023 ዶላር ያህል ይወጣል፤ ከዕዳው ግን የሚቀነሰው 341 ዶላር ያህል ብቻ ነው። ዕዳው ግማሽ ይሆን ዘንድ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይደርሳል፤ ይህም ሌላ ምንም ካልጨመረበት ነው። እንግዲህ ዝቅተኛውን የሚከፍል ሰው በባንኩ ዘንድ ታማኝ ይባላል፤ በገዛ ቤቱ ዘንድ ግን የስድስት ዓመት በፊት እራቱን ገና እየከፈለ ነው።

ከዚህ ላይ የነገሩ ዋና ቍም ነገር ይገኛል። ብድር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ገበሬ በሬ ቢዋስ በሬው ያርስለታል፤ ዘር ቢበደር ዘሩ በቅሎ ብድሩን ይመልሳል። የተበላ እንጀራ ግን አያርስም፥ የነደደ መብራትም አይበቅልም። የዕለት ወጪን የተበደረ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው ብድሩ ከሰጠው ፍሬ አይደለም፤ ከነገ ድካሙ ነው። ነገ ደግሞ የራስዋ እንጀራና የራስዋ መብራት አላት። ዛሬ የሚበቃውን ያላገኘ ሰው ነገ ለሁለት ቀን የሚበቃውን ከወለድ ጋራ አገኛለሁ ብሎ ይፈርማል። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሲሉ የሚነቅፉት ይህን ነው።

ምናልባት አንተ፥ «ከቸገረስ? ልጆቼ በክረምት ብርድ ይደሩን?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ብለሃል። ምሳሌውም ቢሆን ሳይቸግር የሚበደረውን እንጂ የቸገረውን አይነቅፍም። በሙሴ ሕግም ከድኻ ወገን ወለድ መቀበል ተከልክሏል፤ የድኻን ልብስ መያዣ አድርጎ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትገባ እንዲመልስለት ታዝዟል፥ ድኻው ሌሊት የሚለብሰው ሌላ የለውምና። ሕጉ በዚህ ስፍራ የሚገሥጸው ማንን እንደ ሆነ ልብ አድርግ። ተበዳሪውን «ስለምን ተበደርህ» አይለውም፤ ለአበዳሪው ግን ወሰን ያበጅለታል። በአገራችንም በ1960 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ ወስኖ ነበር፤ ከዚያ የሚያልፈውን ሕዝቡ አራጣ ብሎ ይጠላዋል። በአሜሪካ ግን በ1978 ዓ.ም. የበላዩ ፍርድ ቤት አንድ ባንክ በተቋቋመበት ግዛት የተፈቀደለትን ወለድ በሌላ ግዛት ከሚኖር ሰው ላይ መቀበል እንዲችል ፈረደ። ከዚህ በኋላ ባንኮች ወሰን ወደሌለበት ግዛት ሄዱ፤ በ1981 ዓ.ም. ሲቲባንክ የካርድ ሥራውን ወደ ሳውዝ ዳኮታ ያዛወረው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ነቀፋው ሁሉ በባለዕዳው ራስ ላይ አይወድቅም። ሕግ የፈቀደው ሁሉ ቅን አይደለም፤ ከድኻ እራት ላይ ከመቶ 20 የሚያነሣም በሕግ ንጹሕ ቢሆን በሕሊና ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም።

የአበዳሪው በደል ግን የእኛን ምርመራ አያስቀርም። በካርድ የቤት ሒሳብ የሚከፍሉ ሰዎች ሦስት ዓይነት ናቸውና ለእያንዳንዱ የሚገባውን እንናገር።

የመጀመሪያው ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ገንዘቡ በባንክ ተቀምጦለታል፤ ሒሳቡን በካርድ ይከፍልና በወሩ መጨረሻ ሁሉን ይመልሳል። ለዚህ ሰው ካርዱ ብድር ሳይሆን ከረጢት ነው፤ ኃጢአት የለበትም። ነገር ግን ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛው፥ ካርድ እጅን ያላላል። በ2001 ዓ.ም. ድራዘን ፕሬሌክና ዳንከን ሲምስተር የተባሉ ሁለት የኤም አይ ቲ መምህራን ባሳተሙት ምርምር፥ ለቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት በካርድ ትከፍላላችሁ የተባሉት ሰዎች በጥሬ ገንዘብ ትከፍላላችሁ ከተባሉት ሁለት እጥፍ ያህል ዋጋ ሰጡ። ሁለተኛው፥ ባንኩ ለዚህ ሰው ስጦታ ብሎ የሚመልስለት ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። ከፊሉ ከነጋዴው ከሚቀበለው ድርሻ ነው፤ ነጋዴውም ያን በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋልና በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ድኻ አብሮ ይከፍለዋል። ባንኩ እንዲህ ለጋስ ይሆን ዘንድ ያስቻለው ሌላው ምንጭ ደግሞ ዕዳቸውን ማሳደር ግድ የሆነባቸው ሰዎች ወለድ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ስጦታውን ቢቀበልም እንደ ብልኅነቱ ዋጋ አይመካበት፤ ከእርሱም ለተቸገረ ጎረቤት ቢያካፍል ከመጣበት ስፍራ ወደ አንዱ መመለሱ ነው።

ሁለተኛው ራሱን የሚያታልል ሰው ነው። ይህ ሰው፥ «እኔ በካርድ የምከፍለው መብራትና ውኃ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የግድ ነው፥ ምን ላድርግ?» ይላል። ደመወዙን ብትመረምር ግን ለመብራትና ለውኃ የሚበቃ ነበረ። ደመወዙ የሄደው ከአቅም በላይ ለሆነ መኪና፥ ለሠርግ አዳራሽ፥ ለክርስትና ድግስ፥ ወይም ወደ አገር ቤት ሲሄድ ሰው እንዳይንቀው ለሞላው ሻንጣ ነው። ድግሱን በጥሬ ገንዘብ፥ መብራቱን በብድር ከፈለ። ገንዘብ አንድ ነውና በእውነት የተበደረው ለመብራቱ ሳይሆን ለድግሱ ነው፤ መብራቱን ግን ከፊት አቆመው፥ የሚያሳፍረው ወጪ የማያሳፍረውን ለብሶ እንዲያልፍ። አንተም ዕዳህን ስትመረምር በካርዱ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ብቻ አትይ፤ ደመወዝህ ወዴት እንደ ሄደ ጠይቅ። የዕዳው ምክንያት ብዙ ጊዜ በወረቀቱ ላይ አይጻፍም።

ሦስተኛው በእውነት የቸገረው ሰው ነው፤ ሥራ የቀነሰበት፥ የታመመ፥ ወይም ኪራዩ ከደመወዙ ቀድሞ የሸሸበት ነው። ለዚህ ሰው የምናገረው በርኅራኄ ነው። ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፤ የመብራቱን ሒሳብ ወደ ካርዱ ከማዛወርህ በፊት ምን በምን እንደምትለውጥ እወቅ። የመብራት ኩባንያ ዕዳ ብዙ ጊዜ በድርድር የሚከፈል ነው፤ ብትጠራቸው በየወሩ እየከፈልህ እንድትጨርስ ሊፈቅዱልህ ይችላሉ። በካርድ ለመክፈልም አንዳንዶች ተጨማሪ ዋጋ ያስከፍላሉ። የአሜሪካ መንግሥትም ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተ ሰቦች ቤታቸውን የሚያሞቁበትን ወጪ የሚረዳ ሥርዓት በ1981 ዓ.ም. አቁሟል፤ በአብዛኛው ስፍራ 211 ብሎ ስልክ የሚደውል ሰውም እርዳታ የሚገኝበትን ይነግሩታል። ወደ ካርዱ ያዛወርኸው ዕለት ግን ሊደራደር የሚችለውን ባለገንዘብ ትተህ ከመቶ 20 ወደሚቈጥረው ተዛወርህ፤ ለመብራት የተዘጋጀውም እርዳታ የካርድ ዕዳን አይከፍልልህም።

«ይህን አውቃለሁ፥ ነገር ግን መለመን አልወድም» ትል ይሆናል። ወዳጄ ሆይ፥ የነገሩ መርዝ ያለው ከዚህ ላይ ነው። ካርድ የሚጣፍጠው ገንዘብ ስለ ሰጠ ብቻ አይደለም፤ ስላልጠየቀ ነው። ወንድምህን ብትጠይቀው ቤትህ እንደ ጎደለ ያውቃል። የእቁብህን ሰዎች ዕጣው ቀድሞ እንዲደርስህ ብትለምናቸው ፊትህን ያያሉ። ካርዱ ግን ፊት አያይም፥ ወሬ አያወራም። እኛም ከወንድም ርኅራኄ ይልቅ የባንክን ዝምታ መረጥን። ለዝምታው የምንከፍለው ዋጋ ከመቶ 20 ነው። መለመን ውርደት መስሎ ታየን፤ ነገር ግን በወንድም ፊት አንድ ቀን ማፈርና ለስድስት ዓመት በስውር መገዛት፥ የትኛው ይከብዳል? አብሮን የሚያዝን ሰው እንዳይኖር አድርገን ከሸሸግን በኋላ «ማንም አልረዳኝም» ማለታችንስ እውነት ነውን?

ስውር ዕዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያፈርሰው ትዳርን ነው። ባል ለሚስቱ፥ ሚስትም ለባልዋ ያልነገሩት ካርድ ቢኖር፥ በአንድ ማዕድ እየበሉ አንዱ የማዕዱን ዋጋ ሌላው አያውቅም። አንዱ «ቤታችን ደኅና ነው» ብሎ ሲያመሰግን ሌላው በልቡ ይንቀጠቀጣል። ሐሰት በአፍ ባይነገርም በማዕዱ ላይ ተቀምጧል። ዕዳው በገንዘብ ይከፈል ይሆናል፤ የጠፋው መተማመን ግን ስንት ክፍያ እንዳለው የሚጽፍ ወረቀት የለም።

ስለ ዘመድም አንድ ነገር ልናገር። ከውጭ አገር የሚኖር ወገናችን ከአገር ቤት የእናቱ ስልክ ሲመጣለት አይጨክንም፤ ገንዘብ ባይኖረውም ከካርዱ አውጥቶ ይልካል። ከካርድ የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ግን ሒሳቡ ከሌላው ይከፋል፤ ሲወጣ ዋጋ ይጠየቅበታል፥ የምሕረት ቀንም የለውም፥ ወለዱም ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው። በካርድ ወደ ሩቅ አገር የሚላከውንም ገንዘብ ባንኮች ብዙ ጊዜ እንዲሁ ይቈጥሩታል። እንግዲህ የራስ ያልሆነውን መስጠት ምጽዋት ነውን? ነፍስ በሚያድን ነገር፥ እናት ለሕክምና በምትቸገርበት ቀን፥ ፍቅር ቢበደር አልነቅፈውም፤ ፍቅር አንዳንድ ጊዜ ከሒሳብ በላይ ነው። በየበዓሉና በየድግሱ ግን ከብድር ቀንሶ መላክ ዘመድን መርዳት ሳይሆን «እርሱ ሞልቶለታል» የሚለውን ስም መግዛት ነው። ስሙ ደግሞ ሌላ ልመና ይወልዳል፥ ልመናውም ሌላ ብድር። «እናቴ ሆይ፥ በዚህ ወር የለኝም» ማለት ከባድ ቃል ነው፤ ነገር ግን እውነት ስለ ሆነ እርሱም ስጦታ ነው።

አሁን ዕዳው ላይ ያለህ ሰው ምን ታድርግ? ነቢዩ ኤልሳዕ ከባለዕዳዋ መበለት ጋራ ያደረገውን አስብ። አበዳሪው ሁለቱን ልጆችዋን ባሮች አድርጎ ሊወስድ መጥቶባት ነበረ። ነቢዩም አስቀድሞ የጠየቃት በቤትዋ ምን እንዳለ ነው። እርስዋም ከጥቂት ዘይት በቀር የላትም። ጎረቤቶችዋን ማድጋ ትለምን ዘንድ አዘዛት፤ መለመን ግድ ሆነባት። ዘይቱ በበዛም ጊዜ ሸጣ በመጀመሪያ ዕዳዋን እንድትከፍል፥ በቀረውም ከልጆችዋ ጋራ እንድትኖር ነገራት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለአንተ አራት ነገር አለ።

በቤትህ ያለውን ቍጠር፤ ገቢህንና ወጪህን፥ ዕዳህንም ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍ፥ የትዳር ጓደኛህም አብሮህ ይይ። በ2009 ዓ.ም. ሕግ ምክንያት ዝቅተኛውን ብቻ ብትከፍል ስንት ዓመት እንደሚፈጅብህ በየወሩ ሒሳብ ላይ ተጽፎልሃል፤ ያን አንብበው። ቀጥሎ ጎረቤትን መለመን አትፈር፤ ወንድምህን ንገር፥ ኩባንያውን ጥራ፥ ወለዱ እንዲቀነስልህ ባንኩን ጠይቅ። ሦስተኛ፥ ዕዳህን ክፈል እንጂ በሁለተኛ ካርድ የመጀመሪያውን አትሸፍን፤ በጉድጓድ ላይ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ያ የ3,000 ዶላር ባለዕዳ ዝቅተኛውን ትቶ በየወሩ 150 ዶላር ቢከፍል፥ ሌላም ባይጨምርበት፥ በ26 ወር ይጨርሳል። ካርድህ ብዙ ቢሆን ወለዱ የከበደውን አስቀድም። አራተኛ፥ በቀረው ኑር። ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ ትንሽ ቤት፥ አሮጌ መኪና፥ ያለ ድግስ የሚያልፍ ዓመት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በቀረው መኖር ድኽነት አይደለም፤ የነገን ድካም ለነገ ማቆየት ነው።

አንተም ዕዳ የሌለብህ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ስታነብ ሌላውን አትናቅ። በጉባኤህና በእድርህ መካከል ልብሱ የጠራ፥ ፊቱም የሚስቅ፥ ሌሊት ግን እንቅልፍ የሌለው ሰው ሊኖር ይችላል። ለሞተ ሰው ቤት ሁላችን በአንድነት እንደርሳለን፤ በሕይወት ሳለ መብራቱ ሊጠፋበት ለቀረበው ሰው ግን የሚደርስ ጥቂት ነው። እርሱ ሊነግርህ የሚደፍረው አንተ የማትፈርድበት ከሆንህ ነው። ሰው ችግሩን ለወንድሙ መንገር ለባንክ ከመፈረም የቀለለ እንዲሆንለት ማድረግ የእኛ የሁላችን ሥራ ነው።

እንግዲህ ጥያቄውን እንመልስ። የቤት ሒሳብን በካርድ መክፈል፥ ገንዘቡ ላለውና በጊዜው ለሚመልስ ሰው የአከፋፈል መንገድ ነው። ለቸገረው ሰው የመጨረሻ በር ነው፤ ሌሎቹን በሮች ሳያንኳኳ አይግባበት። ገንዘቡን ለሌላ ምኞት አውጥቶ በመብራቱ ለሚያመካኝ ሰው ግን ሐሰት ነው። አንተ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆንህ ማንም ሊነግርህ አይችልም። የዚህን ወር ሒሳብ አውጥተህ፥ የትዳር ጓደኛህ ቢኖር ጠርተህ፥ ዛሬ ማታ ቍጠረው፤ እርሱ ይነግርሃል።